ሁለት ከአርባ ያገኘችው ወፍ

ሐሙስ፣ ወደ ሀዋሳ

የሀዋሳው ሚኒባስ ሞልቶ ከቃሊቲ መናኸሪያ ሲነሳ ከጧቱ አንድ ሰዓት ሊሆን ጥቂት ቀርቶት ነበር። ከሹፌሩ ኋላ፣ በመስኮቱ በኩል ተቀምጫለሁ። ጭኔ ላይ ሰማያዊ ፋይል አለ፤ ውስጡ ሁለት ወረቀት። አንዱ የዱር እንስሳ ለማዘዋወር የተሰጠን የፈቃድ ደብዳቤ፣ ሌላው እኔው ያዘጋጀሁት የእንስሳት መምረጫ ቅጽ ነው። የመጣሁበት ጉዳይ ቀላል ይመስል ነበር። ሀዋሳ፣ አንድ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ክንፏ ተሰብሮ የምትታከም የአሳ ንስር አለች፤ መርምሬ፣ ፈርሜ፣ ይዣት ልመለስ።

የእንስሳት ሐኪም ነኝ። የምሠራው ከአዲስ አበባ ወጣ ብላ በምትገኝ አነስተኛ የእንስሳት ማቆያ ውስጥ ነው፤ እሑድ እሑድ ቤተሰብ ልጆቹን ይዞ የሚመጣባት። ሥራ አስኪያጃችን አቶ ፍሰሐ ዘንድሮ ኩሬ ያለው የወፍ ቤት አሠርተዋል። ቤቱ የሚበቃው ለአንድ ትልቅ ወፍ ብቻ ነው። በሩ ላይ የሚሰቀለውን ባነር ግን ወፏ ሳትመጣ አሳትመውታል፦ ክንፏን የዘረጋች፣ ራሷና ደረቷ ወተት የመሰለ ንስር።

ስለ ቅጹም ልናገር፤ ኋላ ጣጣው የመጣው በእሱ ነውና። እንስሳ ስንቀበል በስሜት አይሁን ብዬ ከሦስት ዓመት በፊት አወጣሁት። ለጤንነት ሃያ፣ ለመኖ ሃያ፣ ለአያያዝ ሃያ፣ «ለተመልካች ያለው ውበት» አርባ። ሃምሳ ያላገኘ አይገባም። ጥቁር ጎፈር ያለው አንበሳችን ጎፈሩ የሳሳውን ወንድሙን ያሸነፈው በዚህ ቅጽ ነው። ጉሬዛዎቹም የገቡት ነጭ ካባቸው አርባውን ሙሉ ስላስገኘላቸው ነው። ጅብ የለንም። ልጆች ከበሩ ሳይርቁ መጀመሪያ የሚጠይቁት ግን «ጅብ የታለ?» ብለው ነው።

አንድ ጊዜ ወጥመድ የፊት እግሩን የበላው ጅብ፣ አንድ ገበሬ በኪራይ ፒካፕ ጭኖ አምጥቶልን ነበር። በቅጹ ሠላሳ አንድ ሰጠሁት። ገበሬው ወረቀቱን አየ፣ እኔን አየ፣ መኪናውን አስዙሮ ሄደ። ጅቡ ከዚያ በኋላ ምን እንደሆነ አልጠየቅሁም።

ሞጆን አልፈን የፍጥነት መንገዱ ውስጥ ስንገባ ሹፌሩ መስኮቱን ዘጋ፣ መዝሙር ከፈተ። ግራና ቀኝ ሜዳው ሰፋ። ባቱ ላይ ለቁርስ ወርደን ሻይና ብስኩት ቀማመስኩ፤ አጠገቤ የተቀመጡት ሴትዮ አንድ ከረጢት ቲማቲም ገዝተው እግራችን ሥር አስገቡት። ከዚያ ግራሮቹ መጡ፤ በግራሮቹ መሐል ላንጋኖ ቀላ ብሎ ብልጭ አለና ጠፋ። አርሲ ነገሌን፣ የሻሸመኔን ግርግር አልፈን ሀዋሳ ስንገባ ስድስት ሰዓት ሆኗል። ሙቀቱ ተቀበለኝ። መናኸሪያው በር ላይ ባጃጁ «ኮንትራት ነው እህቴ፣ መቶ ሃምሳ» አለኝ፤ መቶ ሃያ ብዬ ገባሁ።

ሐሙስ ከሰዓት፣ ዩኒቨርሲቲው

ሰናይት የተማሪ ቤት ጓደኛዬ ናት፤ ያኔ አንድ መኝታ ክፍል ነበርን፣ ዛሬ እዚህ ታስተምራለች። ንስሯን የተቀበለችውም ያከመቻትም እሷ ናት። ሰላምታው አልቆ፣ ስለ ልጆቿ ተጠያይቀን፣ ከሕንጻው ጀርባ ወዳለው የሽቦ ቤት ወሰደችኝ።

ንስሯ ዞር ብላ አየችኝ። ብዙ እንስሳ አይቻለሁ፤ የሚያየኝ ግን ጥቂት ነው። ቡናማ ዓይኖቿ ፊቴ ላይ አርፈው አልነቀል አሉ። የራሷ ንጣት፣ የትከሻዋ ቀላ ያለ ቡናማነት፣ የጥፍሮቿ ጥቁረት፤ ባነሩ ምንም አልተጋነነም። አቶ ፍሰሐ እውነታቸውን ነው አልኩ በልቤ፣ ይህችን ለማየት ሰው ይሰለፋል።

ሰናይት ጓንቷን አጥልቃ ያዘችልኝ፤ እኔ ክንፏን ዘርግቼ አጥንቱን በጣቴ ተከተልኩ። ተሰብሮ የነበረበት ቦታ ላይ ትንሽ እብጠት ብቻ ነው ያለው። መገጣጠሚያው ይታጠፋል፣ ይዘረጋል። ሁለተኛ ሞከርኩ። ያው ነው።

«ድናለች» አልኳት።

«ድናለች። ባዶ አዳራሽ ውስጥ ሦስት ሳምንት አስበርሬያታለሁ። ከጥግ ጥግ ሳታርፍ ትሄዳለች።»

«ለምን በስልክ አልነገርሽኝም?»

«ብነግርሽ ትመጪ ነበር? አንቺው በእጅሽ ዳብሰሽ እንድታውቂው ብዬ ነው።» ንስሯን ወደ ቦታዋ መለሰችና ጓንቷን አወለቀች። «ፈቃዳችሁ ላይ ምን ይላል?»

የሚለውን አውቃለሁ። «መብረር እንደማይችል በሐኪም የተረጋገጠ አንድ የዱር ወፍ» ነው የሚለው። የወፉ ስም ባዶ ቦታ ነው፤ ከመረመርኩ በኋላ እኔ እሞላዋለሁ፣ ከሥሩ እፈርማለሁ። ፊርማዬ ካለ ንስሯ የእኛ ናት፤ ከሌለ የሐይቁ ናት።

አቶ ፍሰሐ ጋ ደወልኩ። አዳመጡኝ። ከዚያ በረጋ ድምፅ፣ «ዶክተር ማህሌት፣ ክንፏ ተሰብሮ ነበር አይደል?» አሉኝ።

«ነበር። አሁን ግን...»

«ነበር ካልሽ በቂ ነው። ፈርሚና አምጫት። ባነሩ ተሰቅሏል። ቅዳሜ ፒካፑን ከሹፌሩ ከደሜ ጋር እልክልሻለሁ።»

«አቶ ፍሰሐ፣ መብረር የምትችልን ወፍ አትችልም ብዬ ልፈርም?»

«እዚያ ማን ያየሻል? እኛ ጋ እኮ በየቀኑ ትኩስ አሳ ትበላለች። ምን ይጎድልባታል?» አሉና ዘጉት። ሰናይት ስልኩን ሰምታዋለች። ግቢውን አቋርጠን ስንወጣ ነው የተናገረችው።

«ባለፈው ፎቶዋን የላክሁልሽ አባ ኮዳስ? ውጤቷን በቅጽሽ ልከሽልኝ ነበር።»

አስታወስኩ። ፈቃድ ሰጪዎቹ ከአንድ በላይ አማራጭ ስለሚጠይቁ፣ ለደንቡ ያህል አንድ ሌላ ወፍ ማወዳደር ነበረብኝ። ክንፏ የማይሠራ አባ ኮዳ፣ ያ ባለ ረጅም እግር ትልቅ አሞራ፣ ሐይቁ ዳር ባለው የአሳ ገበያ በአሞራ ገደል አለች ብላ ፎቶዋን ላከችልኝ። መላጣ ራስ፣ ከአንገት የተንጠለጠለ ከረጢት፣ የተጎበጠ ትከሻ። ቢሮዬ ተቀምጬ ለውበት ሁለት ከአርባ ሰጠኋት፤ በጠቅላላው ሠላሳ ስምንት።

«ነገ ጧት አሞራ ገደል ሂጂ» አለች ሰናይት። «ሁለት የሰጠሻትን ቆመሽ እያት። ጋሽ ሻላሞ የሚባሉ መረብ ጠጋኝ ጠይቂ።»

ዓርብ፣ አሞራ ገደል

ከጧቱ አሥራ ሁለት ተኩል ላይ ደረስኩ። ሐይቁ ላይ ስስ ጉም አለ፤ ጀልባዎቹ ከጉሙ አንድ በአንድ ይወጣሉ። ዳር ላይ አሳው በክምር ይፈሳል፣ ቆሮሶው በአንድ ወገን፣ አምባዛው በሌላ። ቢላዎቹ ሳያርፉ ይሄዳሉ። ትኩሱን ጥሬ አሳ በዳጣ እያጠቀሱ ቆመው የሚበሉ ሰዎች አሉ። እኔ የአሳ ሾርባ አዝዤ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ።

ከዚያ አባ ኮዳዎቹን አየሁ። ሰው መሐል ቆመዋል፤ አንዳንዶቹ ደረቴ ድረስ ይመጣሉ። ከቢላው ሥር የሚጣለውን አንጀትና ጭንቅላት መሬት ሳይነካ ይቀልባሉ። ማንም አያባርራቸውም፣ እነሱም ማንንም አይፈሩም። ጠረኑ የት አለ ብዬ ራሴን ጠየቅሁ። ይህን ያህል አሳ በሚበለትበት ቦታ ጧት በአፍንጫዬ የገባው የሐይቅ ሽታ ብቻ ነበር፤ ወፎቹ የሚበሰብስ ነገር አይተዉም።

ጋሽ ሻላሞ አንድ የጀልባ ማስቀመጫ ዳስ ሥር፣ ጉልበታቸው ላይ መረብ ዘርግተው ተቀምጠዋል። ስድሳን የተሻገሩ፣ ራሳቸው መላጣ፣ አንገታቸው ቀጭን ሰው ናቸው። አጠገባቸው ያች አባ ኮዳ ቆማለች።

«ኬሬ ጋሽ ሻላሞ» አልኩ፣ ሰናይት እንዳስተማረችኝ በሲዳምኛ ሰላም ስል።

ሳቁ። «ኬሬ፣ ኬሬ። የሰናይት እንግዳ አንቺ ነሽ? ጌታ ይባርክሽ፣ ነይ ተቀመጪ። ይቺ ዳንቻ ናት። ዳንቻ በእኛ ቋንቋ ጥሩ ማለት ነው።»

ፋይሌን ከፍቼ የወፎቹ ውጤት የተጻፈበትን ቅጽ አወጣሁ። ልማድ ነው፤ እጄ እስክሪብቶ ካልያዘ ዓይኔ የሚያይ አይመስለኝም። ጋሽ ሻላሞ ወረቀቱን ጠየቁኝ። ቅርብ ማየት ስለሚቸግራቸው እጃቸውን ዘርግተው አርቀው ያዙት።

«ይሄ ምንድነው፣ ሁለት?»

«የ... የውበት ነው።»

«ከስንት?»

«ከአርባ።»

መረቡን አስቀመጡ። መላጣቸውን በመዳፋቸው ከፊት ወደ ኋላ አሹት። «እስቲ ልጄ እውነቱን ንገሪኝ፤ በዚህ ራስ ለእኔ ስንት ነው የምትሰጪኝ?»

አጠገባችን አሳ የሚበልቱት በሳቅ ፈነዱ። እኔም ሳቅሁ፣ ፊቴ ግን እስከ ጆሮዬ ጋለ። እሳቸው አልተቀየሙም። «መላጣ ለመላጣ ነው የተገናኘነው» አሉ፣ «ግን የእሷ ምክንያት አለው፣ የእኔ ዕድሜ ነው።»

ምክንያቱን አውቀዋለሁ፣ ተምሬዋለሁ። በበከተ ሥጋ ውስጥ ራሱን የሚያስገባ ወፍ ራሱ ላይ ላባ ቢኖረው ቆሻሻው ይዞት ይቀር ነበር። መላጣዋ ንጽሕናዋ ነው። ይህን ለፈተና ጽፌ ማርክ አግኝቼበታለሁ። ለእሷ ማርክ ስሰጥ ግን ትዝ አላለኝም።

ጋሽ ሻላሞ በሲዳምኛ አንድ ነገር አሏት። ዳንቻ ወደ እሳቸው ዞረችና ረጅሙን አፏን ከፍታ ደጋግማ ገጠመችው፤ ኳ፣ ኳ፣ ኳ። አባ ኮዳ ይህ ነው የሚባል ድምፅ የለውም፣ የሚናገረው በአፉ ማንኳኳት ነው። ከዚያ ደህናውን ክንፏን ዘረጋች።

እንዲህ ያለ ነገር ከአንድ ክንድ ርቀት ላይ አይቼ አላውቅም። ክንፏ ተከፍቶ አያልቅም። በዳሱ ሥር የነበረው ብርሃን ተቀየረ፤ እኔና ጋሽ ሻላሞ ሁለታችንም ጥላዋ ውስጥ ገባን። ጀርባው የዝናብ ደመና ቀለም አለው፣ ከሥሩ ደግሞ ነጭ ነው። ከጅራቷ ሥር የጥጥ ብናኝ የሚመስል ላባ አላት፤ ድሮ የሩቅ አገር ሴቶች ባርኔጣቸውን ያስጌጡበት የነበረው ይኸው ላባ ነው። ወፉን አስቀያሚ ብለው ላባውን አናታቸው ላይ ሰኩት። አፌን ከፍቼ ቆሜ ነበር፤ ሾርባዬ ቀዝቅዟል። ግራ ክንፏ ግን ከግማሽ በላይ አልተከፈተም።

መረመርኳት። አጥንቱ ተጣሞ ገጥሟል፤ ከእንግዲህ የሚደረግለት የለም።

«ምን አገኛት?» አልኩ።

ጋሽ ሻላሞ መርፌያቸውን መረቡ ላይ ሰክተው ትተው ሐይቁን አዩ።

«መረብ ነው። የእኔ መረብ። የተቀደደ ነበር፣ ነገ እሰፋዋለሁ ብዬ እዚያ ግንድ ላይ ጥዬው ሄድኩ። ጧት ስመጣ ተጠምዳ፣ ስትፈራገጥ አድራ ክንፏ ተሰብሯል። ወፍ ናት፣ ጣላት አሉኝ። እንዴት ልጣላት? እግዚአብሔር ያየኛል።» መላጣቸውን እንደገና አሹት። «ሁለት ክረምት አብረን ከረምን። ሲመሽ እዚህ ዳስ ውስጥ እዘጋባታለሁ፣ ውሾች አሉ። አሁን ግን ዓይኔ መርፌ አልሰካ አለኝ። እሑድ ልጄ አለታ ወንዶ ትወስደኛለች፣ እሷ ጋ እኖራለሁ። እዚያ አሳ የለም፣ ሐይቅ የለም። እዚህ ደግሞ እኔ ከሄድኩ ማታ ማን ይዘጋባታል?»

ቅጹ አሁንም እጃቸው ላይ ነበር። አጥፈው መለሱልኝ።

«ያላችሁ ቦታ አንድ ብቻ ነው አለችኝ ሰናይት። ለቆንጆዋ ነው አይደል?»

በዚያ ሰዓት ነገሩ ሁሉ ፊት ለፊቴ ተገልጦ ታየኝ። ንስሯን ልንዘጋባት የፈለግነው ቆንጆ ስለሆነች ነው፤ ዳንቻን ለውሻ የምንተዋት ቆንጆ ስላልሆነች ነው። መብረር የምትችለው ቤት ተሠርቶላታል፣ መብረር የማትችለው ቤት አጥታለች። ይህን ያደረገው ሌላ ማንም አይደለም፣ በእጄ የያዝኩት ወረቀት ነው። አፈርኩ። ዳንቻ አጠገቤ ቆማ፣ ያን ረጅም አፏን ዝቅ አድርጋ ሐይቁን እያየች ነበር።

ቅዳሜ፣ ሐይቁ ዳር

ሌሊቱን ብዙም አልተኛሁም። ጧት ከሰናይት ጋር ንስሯን በጨለማ ሳጥን ይዘን፣ ሰው ወደማይበዛበት የሐይቁ ዳር ሄድን። ፀሐይ ከወጣች ብዙም አልቆየች። ሰናይት ሳጥኑን ሳር ላይ አስቀምጣ፣ «አንቺ ክፈቺው» አለችኝ።

ከፈትኩት። ንስሯ ወጥታ ቆመች። ሁለታችንንም አየችን፣ ከዚያ እኛን ማየት ተወች። ሁለት ጊዜ ክንፏን መታች፣ እግሮቿ ከሳሩ ተነሱ፤ ውሃው ላይ ዝቅ ብላ ሄደች፣ ከዚያ ከፍ፣ ከዚያ በጣም ከፍ። ሰማይ ላይ ራሷን ወደ ኋላ ጥላ ጮኸች። ከሐይቁ ማዶ፣ ከየትኛው ዛፍ እንደሆነ እንጃ፣ ሌላ ንስር መለሰላት። ሰናይት እጄን ያዘችኝ፤ ሁለታችንም እያለቀስን ነበር። ባነሩ ላይ ያለችው ንስር አትጮህም።

እዚያው ሳጥኑ ላይ ተቀምጬ የፈቃዱን ባዶ ቦታ ሞላሁ፦ አባ ኮዳ፣ አንዲት፣ ግራ ክንፏ የማይድን። ፈረምኩ።

ለአቶ ፍሰሐ ደውዬ ነገርኳቸው። ቁጣቸውን አልጽፈውም። ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ ነው፤ እኔ ስለ ክንፍ ስናገር እሳቸው ስለ ባነር ይመልሱልኛል። መጨረሻ ላይ፣ «አምጫት፣ ባዶ ከሚሆን። ከእንግዲህ ግን እንስሳ የሚመርጠው ሌላ ሰው ነው» አሉ። እሺ አልኩ።

ደሜ ረፋዱ ላይ አሞራ ገደል ሲደርስ ጋሽ ሻላሞ ዳንቻን እንደምንወስዳት ሰምተው ከአሳ ሳጥን ጣውላ የሠሩት ረጅም ቤት ተዘጋጅቷል። ውስጡን በአሮጌ መረብ ደራርበው አልብሰውታል፣ እንዳይቆረቁራት። ደሜ በጣውላው ቀዳዳ አጮልቆ አየ፣ ቀና ብሎ እኔን አየ።

«ዶክተር፣ ንስር ብለው የሸጡልሽ ይሄን ነው? ተሸውደሻል!»

ጋሽ ሻላሞ ከልባቸው ሳቁ። ሳቃቸው ሳያልቅ ግን ወደ ሳጥኑ ጎንበስ ብለው በቋንቋቸው ለረጅም ጊዜ አነጋገሯት። ምን እንዳሏት አልጠየቅኋቸውም። ቀና ሲሉ፣ «ማታ ማታ ዝጉባት» አሉኝ። «መልክ ታጥቦ አይጠጣም ልጄ። ግን ለእኔ ቆንጆ ናት።»

መንገድ ላይ ደሜ በየአንድ ሰዓቱ እያቆመ ውሃ ይሰጣት ነበር። ባቱን ካለፍን በኋላ፣ ለራሱ እንደሚናገር ሁሉ፣ «አስተያየቷ ግን የሽማግሌ ነው» አለ።

ቤት ከገባሁ በኋላ

ዳንቻ ኩሬው ዳር ከቆመች እነሆ አንድ ወር ሆናት። ባነሩ አሁንም የንስር ነው፤ አቶ ፍሰሐ አላወረዱትም። ተመልካች ሁሉ ወደዳት ብል እዋሻለሁ። አፍንጫውን ይዞ የሚያልፍ አለ፣ «ውይ ስታስጠላ» የሚል አለ። ክንፏን ስትዘረጋ የደረሰ ግን ዝም ይላል፤ ያን ዝምታ አውቀዋለሁ። ቅጹን አዲሱ መራጭ ሲረከበኝ፣ የአርባውን መስመር ከላይ እስከ ታች በቀይ ሰርዤ ነው የሰጠሁት። ይጠቀምበት አይጠቀምበት እንጃ።

የድሮ ፋይሎችንም አገላበጥኩ። የጅቡ ቅጽ አለ፤ በእጄ ጽሑፍ ሠላሳ አንድ፣ ከሥሩ የገበሬው ስልክ። ደወልኩ። ማን እንደሆንኩ ስነግረው ቶሎ አስታወሰኝ። ጅቡስ ምን ሆነ አልኩት። «እሱማ እህቴ፣ ከእናንተ ስመለስ መንገድ ላይ ሞተ» አለኝ፣ ቂም በሌለው ድምፅ። «ምነው፣ ዛሬ ቦታ ተገኘ እንዴ?»

ባለፈው እሑድ ጋሽ ሻላሞ ከአለታ ወንዶ፣ በልጃቸው ስልክ ደወሉልኝ። ትበላለች ወይ፣ ማታ ትዘጉባታላችሁ ወይ ብለው ጠየቁ። ሁሉንም መለስኩ። ከዚያ፣ «ስልኩን ወደ እሷ አድርጊልኝ» አሉ።

ሽቦውን ከፍቼ ገባሁ፣ ድምፁን ከፍ አድርጌ ስልኩን ወደ ዳንቻ ዘረጋሁ። ያችኑ አሞራ ገደል ላይ የሰማኋትን ቃል በሲዳምኛ አሏት። ዳንቻ ራሷን ዘንበል አደረገች። ከዚያ አፏን ከፍታ ገጠመችው፤ ኳ፣ ኳ፣ ኳ። ውጭ የቆሙት ጎብኚዎች ወሬያቸውን አቁመው ወደ ሽቦው ተጠጉ።

ጋሽ ሻላሞ ከስልኩ ውስጥ፣ «አለች» አሉ።

«አለች» አልኳቸው።